ከእሳት የወረደበት ሰዓት

ወደ አረጋውያን መኖሪያው ከመምጣቴ በፊት ለዘጠኝ ዓመታት በአዳማ ሆቴሎች ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ሠልጣኝና ተሰብሳቢ አይጠፋባትም፤ እኛም ለሦስት መቶ ሰው ምሳ አዘጋጅተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማስተናገድን እንደ ቀላል ነገር እንቆጥረው ነበር። ስለዚህ ስልሳ ሁለት አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት የምግብ አገልግሎቱን እንድመራ ስጠየቅ ሥራው የሚከብደኝ አልመሰለኝም። የሆቴል ተመጋቢ ምግቡ ካልጣመው ይተወዋል፤ ሆዱን ካመመውም በማግስቱ ፋርማሲ ገብቶ መድኃኒት ይገዛል። እዚህ ያሉት እናቶችና አባቶች ግን ከእኛ ወጥ ቤት ሌላ የሚበሉበት የላቸውም፤ ቁርሱም እራቱም፣ የፍስኩም የጾሙም ከአንድ ምድጃ ነው የሚወጣላቸው። ይህን ልዩነት በቃል አውቀው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በአንድ ሌሊት ነው።

ዕለቱ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነበር። አዳማ በሚያዝያ እንዴት እንደምትግል ኗሪዋ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ አንድ ቤተሰብ ከሠርግ የተረፈ ቀይ ወጥ በሁለት ትልልቅ ድስት ጭኖ መጣ፤ የሙሽራው እናት ራሳቸው አብረው መጥተው «አባቶች ይመርቁልን ብለን ነው» አሉ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ መልካም ነበር። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ነበር። ድስቱን በእጄ ስዳስሰው ለብ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ ሊያስደነግጠኝ የሚገባው ያ ለብታ «ገና አልቀዘቀዘም» ብሎ አጽናናኝ። ጥቂት አሟሙቀን ለእራት አቀረብነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የመጸዳጃ ቤቱ በር አልተዘጋም። እስኪነጋ ድረስ አሥራ አራት ሰዎች በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ተይዘው ነበር፤ ከእነርሱም አንዲት ደካማ እናት ሲያቅታቸው በባጃጅ አቅፈን ሆስፒታል አደረስናቸው። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በምርኩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ የነበሩት እናት ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋቸው አልወረዱም። ያን ወጥ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሊያየን የመጣው ጤና መኮንን አንድም ሰው ሳይቆጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ወጡ ከእሳት የወረደው ስንት ሰዓት ነው?» የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ ስናጣራ ወጡ ቅዳሜ ሌሊት ሲሠራ አድሮ፣ እሑድ ማለዳ ከእሳት ወርዶ፣ ቀኑን ሙሉ በድንኳን ውስጥ በድስቱ እንዳለ ተቀምጦ የዋለ ነው። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ትኩሳት አለመኖሩና ቁርጠቱ ወደ አንድ ተሐዋሲ እንደሚያመለክት ነገረኝ፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ኑሮ ሲከብድበት ጠንካራ ሽፋን ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል፤ ወጡ ሲፈላ ሌላው ሁሉ ሲሞት እርሱ ይተርፋል። ወጡ ቀዝቅዞ ለብ ሲል ደግሞ ይነቃል። ከ43 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ በየ10 ደቂቃው ገደማ እጥፍ መሆን ስለሚችል፣ አንድ የነበረው በ3 ሰዓት ውስጥ ከሁለት መቶ ስልሳ ሺህ ሊያልፍ ይችላል። ይህንን ስሰማ ያ ለብ ያለ ድስት በመዳፌ ላይ እንደ አዲስ ተሰማኝ። ትልቅ ድስት፣ ከላዩ ላይ ቅባት የጋረደው፣ ሥጋ የበዛበት፣ በሚያዝያ ሙቀት፤ ለተሐዋሲው ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት ቁልፎች ውስጥ ይህ ነገር በቀላል ቁጥሮች ተቀምጧል፤ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው የአደጋ ክልል ነው፤ ሲበስልም ሲሞቅም ውስጡ 70 ዲግሪ ይድረስ። በሆቴል ሳለሁ እነዚህን ቁጥሮች በሥልጠና ላይ ጽፌ ነበር፤ ደብተሩ አሁንም ቤቴ አለ። ነገር ግን ሆቴል ውስጥ ምግቡ የሚበላው ወዲያው በመሆኑ ቁጥሮቹ እንዲያስጨንቁኝ ያደረገኝ አጋጣሚ አልነበረም። የሚበሉትም ሰዎች ጤነኞች ነበሩ። በአረጋዊ ሰውነት ላይ ግን ተራ ተቅማጥ ተራ አይደለም። የውኃ ጥም ስሜት ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ብዙዎቹ ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ለጨጓራቸው ኦሜፕራዞል የሚወስዱት ደግሞ ተሐዋሲን የሚገድለው የጨጓራ አሲድ ይቀንስባቸዋል። ወጣቱን አንድ ቀን የሚያስተኛ ሕመም እነርሱን ከአልጋ ያስቀራል።

ዋናዋን ወጥ ሠሪያችንን ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ከሰላሳ ዓመት በላይ የሠርግ ወጥ ስትሠራ የኖረች ናት። «መልሰን አፍልተነው ቢሆን ኖሮስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። በደንብ ቢንተከተክ የነቃው ባክቴሪያ በሞተ ነበር። ሆኖም ከሰው እጅና አፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ደግሞ መርዙን ወጡ ውስጥ ትቶ ነው የሚሞተው፤ ያ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ በቤታችን «አፍልተን እናድነው» የሚለው ነገር ቀረ። የሚያድር ወጥ እንዳይኖርም ወሰንን። ይህ ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም እህል መድፋት ግፍ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን፣ ያደረ ወጥ ይጣፍጣል የሚሉት እናቶችም ጥቂት አይደሉም። መፍትሔው ያለው ከመድፋቱ ሳይሆን ከመስፈሩ ላይ እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ዘወትር ጠዋት አንዲት ተንከባካቢ በየክፍሉ ዞራ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጾመ፣ ማን የምግብ ፍላጎቱ እንደቀነሰ ቆጥራ ትመጣለች፤ እትዬ በዚያ ቁጥር ልክ ትሠራለች። በሁለት ወር ውስጥ የሚተርፈን ከአንድ ጭልፋ ያልዘለለባቸው ቀኖች በዙ።

ቴርሞሜትር የገዛነው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስንፈትነው በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ብንነክረው 94 ላይ ቆመ፤ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው ብዬ ስለተማርኩ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብዬ ልመልሰው ተነሥቼ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ አዳማ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየር ግፊቱ እዚህ ስለሚቀንስ ውኃችን 94 ገደማ ላይ ይፈላል። በተሰባበረ በረዶና በውኃ ውስጥ ስንነክረው ዜሮ ላይ ቆመ፤ መሣሪያው ጤነኛ ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው አዳማም ሆነ ሐዋሳ ያለ ሰው ቴርሞሜትሩን በከንቱ እንዳይጥል ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በሩ ነበር። በእኛ አገር ለነፍስ ተብሎ የመጣን እህል መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። ተዝካር፣ ሰደቃ፣ ስእለት፣ ልደት፣ ምርቃት፤ ወደ አረጋውያን ቤት የሚመጣው ድስት ሁሉ ከኋላው የአንድ ሰው ሐዘን ወይም ደስታ አለው። በዚያ ላይ መኖሪያው የሚቆመው በምጽዋት ነው፤ ዛሬ ያስቀየምከው ለጋሽ ነገ ጤፍ ላያመጣ ይችላል። የአስተዳደሩን መዝገብ ስመረምር አንድ የገረመኝ ነገር አገኘሁ። አንድ ኩንታል ዱቄት ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ወጥ ቤት ሲጠይቅ ሞዴል 20 ይሞላል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። የበሰለ ምግብ ግን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ስለማይገባ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይሰፍርም ነበር። ከበር ተቀብሎ በቀጥታ ወደ አፍ። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ነገር ያለ አንድ ጥያቄ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የበሰለ ምግብ ሲመጣ የምጠይቀው ያንኑ የጤና መኮንኑን ጥያቄ ሆነ። መልሱ ከ2 ሰዓት በላይ ከሆነ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱን እናገራለሁ፣ አልቀበልም። አንድ ሰው የእናታቸውን ተዝካር ምግብ መልሼባቸው «እግዚአብሔር ይይልሽ» ብለውኝ ድስታቸውን ወደ መኪናቸው መልሰው ሄደዋል። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ልክ እንደሠራሁ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም የሰውዬው ፊት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። መከልከል ብቻውን እንደማይበቃ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። አሁን በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለው «በጥሬው አምጡልን፤ መጥታችሁም አብራችሁን ሥሩ» ነው። በጉን፣ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን ይዘው ማለዳ የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ሽርጥ እናለብሳቸዋለን፣ እጃቸውን እናስታጥባቸዋለን፣ ከእትዬ ጋር ሽንኩርት ሲከትፉ ይውላሉ፣ ወጡ ከእሳት ሲወርድ እዚያው ያቀርባሉ። የሟች ልጆች ለአንድ አባት ራሳቸው ሲያጎርሱ አይቻለሁ። ምርቃቱም ከድስት ጋር በሩቅ ከሚሰጠው ይልቅ ረጅም ነው።

የሰዓቱ ጥያቄ በጾም ወቅት ደግሞ በሌላ መልክ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም፣ ብዙዎቹ እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሌሎቹ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይመገባሉ። ቀድሞ ሽሮው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የጿሚዎቹ ድርሻ በድስት ተሸፍኖ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆይ ነበር፤ ይህ ማለት ከሁሉ ይበልጥ የደከሙት ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ የቆየውን ምግብ ይበሉ ነበር ማለት ነው። አሁን ሽሮው ሁለት ጊዜ ይሠራል። ማገዶና ጉልበት ይፈጃል፤ ይፍጅ። በረመዳን ደግሞ ለኢፍጣርና ለሱሁር እንደዚሁ እናደርጋለን፤ ሱሁሩን የምታበስለው ሠራተኛ የሌሊት ተረኛ ሆና ቀኑን ታርፋለች። ስኳር ያለባቸውና መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስዱት ይጹሙ አይጹሙ የሚለውን ግን ወጥ ቤት አይወስነውም፤ ነርሷ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሼኻቸው ጋር ተነጋግራ የተስማሙበትን ትነግረናለች።

አዳማ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ የእኛም ቤት እንደዚያው ነው። የሁለቱ ሥጋ አይቀላቀልም፤ ድስቱ፣ ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ጭልፋው ሳይቀር የተለያየ ነው። ሠራተኞቻችን ይህን ድንበር ማንም ሳይቆጣጠራቸው በፍጹም ታማኝነት ይጠብቁታል፤ አንዲት ልጅ ጭልፋ ተሳስታ ስለነካች ብቻ በድንጋጤ ድስቱን ከእሳት አውርዳ ስትጠራኝ አስታውሳለሁ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ እንዳይከተፍ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። «ጥሬውና ብስሉም እንደዚያው የማይገናኙ ናቸው» አልኳቸው። ከጥሬ ሥጋ ስለሚተላለፈው ሳልሞኔላ ስለሚባል ባክቴሪያ ለሁለት ሳምንት ያወራሁት ያላመጣውን ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር አመጣው። የፋሲካን ጥሬ ክትፎ ግን መከልከል ነበረብኝ። አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት «ልጄ፣ ስንት ፋሲካ ቀረኝ ብለሽ ነው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ፤ ቢሆንም በደንብ የበሰለውን አቀረብኩላቸው፤ ቅቤውንና ሚጥሚጣውን ሳልሰስት።

ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ንጽሕና የሚጀምረው ከሮቶው ነው። በየሦስት ወሩ ባዶ አድርገን ውስጡን በብሩሽ እናጥባለን። ዕቃ የሚታጠበው በሦስት ሳፋ ነው፤ በሳሙና፣ በንጹሕ ውኃ፣ በመጨረሻም በበረኪና። በረኪናው ባለ 5 በመቶ ከሆነ ለ5 ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ቀድሞ በግምት ይፈስስ የነበረውን አሁን ከመድኃኒት ክፍል በምናመጣው አዲስ ሲሪንጅ እንለካዋለን። ዕቃው አስቀድሞ በሳሙና ካልጠራ ግን ቅባቱና ፍርፋሪው የበረኪናውን ኃይል ስለሚጨርሱት ሽታው ብቻ ይቀራል። ዕቃ የሚወለወልበትን ጨርቅ ጨርሶ አስወግደን በመደርደሪያ ላይ በነፋስ እናደርቃለን፤ የአዳማ ነፋስ ለዚህ አይታማም። ውኃ ሲቋረጥ በቦቴ እንገዛለን፤ ቦቴው ውኃውን ከየት እንደቀዳው ሳንጠይቅ ግን አንቀበልም። በቤታችን ዕድሜያቸውን በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የጨረሱ፣ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነና ወገባቸው የማይታጠፍ አባቶች አሉ፤ በዚያ ለዓመታት ሲጠጡት የኖሩት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ንጹሕ መስሎ ይህን ሊይዝ ይችላል፤ ማፍላትም ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይወፍራል።

ስለ እጅ ብዙ የሚባል አለ። ጥርስ ለሌላቸውና ለመዋጥ ለሚቸገሩት ምግባቸው ፍትፍት፣ ገንፎ፣ አጥሚት ነው፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጠው ደግሞ እናጎርሳቸዋለን። የምታጎርሰው ልጅ ከግማሽ ሰዓት በፊት ዳይፐር የቀየረችው ያችው ልጅ ልትሆን ትችላለች። ሠራተኛ ባነሰበት ቤት ይህ በየቀኑ የሚሆን ነው። ሁለቱን ሥራ ለሁለት ሰው መክፈል በምንችልበት ፈረቃ ሁሉ ከፍለነዋል፤ በማንችልበት ደግሞ ሽርጥ ሳይቀየርና እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ሳይታሽ ወደ መመገቢያ የሚያስገባውን በር ማለፍ የለም። አልጋ ላይ ለሚመገቡትም ማስታጠቢያና ሳሕን ይዘን እንሄዳለን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ለእንግዳ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። አንዲት እናት መጀመሪያ የታጠቡ ዕለት «እንደ ሰው ተስተናገድኩ» ብለው ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ቤቱ መዋል አለበት፤ ከቆመለት በኋላም እስከ 48 ሰዓት። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የቀረበት ቀን ከደመወዙ ይቆረጣል። የሰገራ ምርመራ ካርድ በግድግዳ ላይ መለጠፍ የተመረመረበትን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። አንዲት እንጀራ ጋጋሪያችን ታማ ሳለ ሦስት ቀን ደብቃ እንደሠራች ስሰማ ልቆጣት ሄጄ ነበር፤ ስለ ሁለት ልጆቿና ስለ ቤት ኪራይዋ ስትነግረኝ አፌን ያዝኩ። ለመኖሪያው ቦርድ የሕመም ቀን ሙሉ እንዲከፈል ጠየቅሁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ተፈቀደ። ለንጽሕና ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የረባን ያለ አይመስለኝም።

አሁን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰዓት፣ ከሥሩም በገመድ የታሰረ ደብተር አለ። እትዬ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ቁጥር ግን ከሰዓቱ ተምራ አሁን ራሷ ትጽፋለች። የወጡን ስም በሥዕል ነው የምትለየው፤ ለሽሮ ክብ፣ ለምስር ነጠብጣቦች፣ ለጎመን ቅጠል። ከጎኑ 6:10፣ 6:35፤ የወረደበትና የቀረበበት።

ደብተሩ ያልደረሰበት አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ትራስ ሥር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ከወሎ የወጡ አንዲት እናት አሉን። ከምሳቸው ላይ እንጀራ ቆርሰው፣ አንዳንዴም ወጥ ያለበትን ጠቅልለው፣ ከትራሳቸው ሥር ያኖራሉ። እንጀራ ኮምጣጣ በመሆኑ ብዙው ባክቴሪያ አይመቸውም፣ ሻጋታ ግን በሦስትና በአራት ቀን ይይዘዋል፤ ወጥ የነካው ደግሞ ያን ያህልም አይቆይም። ተንከባካቢዎቹ ባወጡባቸው ቁጥር ያለቅሱ ነበር። ልጆቻቸው በምን እንደሞቱ ስለነገሩኝ «እዚህ ምግብ አለ፣ አይጨነቁ» ማለት አልቻልኩም። በመጨረሻ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የወተት ቆርቆሮ አጥቤ፣ በፀሐይ አድርቄ፣ በሶ ሞልቼ ሰጠኋቸው፤ በሶ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ቶሎ አይበላሽምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትራሱ ሥር እንጀራ አልተገኘም።

ዓርብ ዓርብ ቆርቆሮውን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት «ዛሬም ልታዪብኝ መጣሽ?» ብለው ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከአፉ ጎደል ብሏል፤ ሌሊት ሌሊት ሲቀምሱት ኖሯል። ሞላሁላቸውና የሞላሁበትን ቀን በክዳኑ ላይ ጻፍኩ።